አሮጊቷ ትነሳ

ሰኞ ማታ

ክረምቱ ገባ፤ ጭቃውም ከነቤተሰቡ መጣ። ዛሬ ከወንዝ ማዶ መንደሮች ስንመለስ የኋላው ግራ ጎማ እስከ ቸርኬው ሰመጠ። ይስመጥ፣ ምን ቸገረኝ፤ ረጅሙ ክሪክ አለኝ። ቁመቱ እስከ ደረቴ ይደርሳል። እጀታውን ከፍ ዝቅ ባደረግኩት ቁጥር ሁለት የብረት ጥርሶቹ በጎኑ ባሉት ቀዳዳዎች ተራ በተራ እየገቡ ሽቅብ ይወጣል፤ መኪናዋም አብራው ትወጣለች። ስንት ክረምት አብረን ከጭቃ ወጥተናል፣ እሱና እኔ።

ጎማው ሥር ድንጋይ ሞልተን መኪናዋን ሳወርድ ግን እጀታው ከእጄ አመለጠና ሽቅብ ተወንጭፎ ቀኝ ትከሻዬን ነካ አደረገኝ። ነካ ነው ያልኩት። «ወይኔ እትዬ!» ብላ የጮኸችው ሲስተር ናት፤ እኔ ድምፅ አላሰማሁም።

ሲስተር ክትባት የምትሰጠው ነርሳችን ናት። እኔ እነዳለሁ፣ እሷ ትወጋለች። ልጆቹ እሷን ሲያዩ ያለቅሳሉ፣ እኔን ሲያዩ ጡሩምባውን ንፊልን ይላሉ። በዕድሜ ልጄ ትሆናለች። «ኧረ አንቺ በይኝ» ብያት ብያት ሰለቸኝ፤ «ምላሴ እምቢ ይለኛል» ትላለች። ይኸው እስከ ዛሬ «እርስዎ» እንዳለችኝ አለች።

ቤት ስገባ ለባለቤቴ የመኪናዋ በር ነው የመታኝ አልኩት። ባለቤቴ ልብስ ሰፊ ነው፤ እኔ አባ መርፌ እለዋለሁ። በመነጽሩ ላይ አሻግሮ አየኝና «በሩ ቆሞ ነው የመታሽ ወይስ ዘሎ?» አለኝ። በግራ እጄ እራቴን በላሁና ተኛሁ።

ረቡዕ፣ ምሳ ሰዓት

መካኒኩ ክሪኬን ከመኪናዋ ጀርባ ፈትቶ ጥርሱን ሲመረምር ደረስኩበት፤ ገበያ የወጣ የፈረስ ነጋዴ መስሎ።

«ይቺን ብናሳርፋትስ?» አለኝ። ለመካኒካችን በዚህ ዓለም ያለ ዕቃ ሁሉ ሴት ነው። ባትሪዋ፣ መዶሻዋ፣ ቡሎኗ።

«እኔ ሳላርፍ እሱ አያርፍም» አልኩት። ድምፄን ትንሽ ከፍ ሳላደርግ አልቀረሁም፤ ዘበኛው ከበሩ ድረስ ሮጦ መጣ።

«እሺ እሺ፣ አትቆጪ። በይ ቢያንስ ከጭቃ ስትመለሽ አጥበሽ፣ አድርቀሽ፣ ቀጭን ዘይት ጠብ ጠብ አድርጊባት። ግራሶ ግን እንዳትለጥፊባት። ግራሶ አሸዋ ይሰበስብና ጥርሷን ያንቀዋል።»

በሰው ክሪክ ምክር ማብዛት። ነገሩ በዚሁ አለቀ።

አርብ

ወረቀቱ እስኪቀደድ ተጭኜ ነው የምጽፈው። ከንዴት ነው።

ከመካኒኩ ክፍል መስኮት ሥር ጎማ ነፋስ ልሞላ ቆሜ ነበር። ጆሮ ጠቢ አይደለሁም፤ ጆሮዬ በራሱ ጊዜ ነው የሄደው። ውስጥ ሦስት ናቸው፤ መካኒኩ፣ ሲስተርና አለቃችን። አለቃችንን በሌለበት «አቶ በሚቀጥለው» እንለዋለን። ምን ብትጠይቀው መልሱ «በሚቀጥለው ሳምንት» ነው።

«አሮጊቷ ትነሳ» ትላለች ሲስተር። ሲስተር!

«እውነቷን ነው» አለ መካኒኩ። «ጥርሷ አልቋል፣ ወገቧም ጠሟል። ከእንግዲህ አትታመንም። ሰውም ትመታለች።»

«በሚቀጥለው ሳምንት አዲሷ ትመጣለች» አለ አለቃው። «ግን ማን ይናገር?»

«እኔ አልነግራትም» አለ መካኒኩ፤ «ትገድለኛለች።»

«ቀስ ብለን እናለማምዳቸው» አለች ሲስተር።

ጎማውን ሳልሞላ ሄድኩ።

ጥርሷ አልቋል! የወለቀኝ ሁለት መንጋጋ ነው፤ እሱም ከኋላ፣ ስስቅ አይታይም። ወገቧ ጠሟል? እሺ፣ ጠዋት ከአልጋ ስወርድ ትንሽ ዘንበል እላለሁ፤ ቀጥ ብሎ የሚወርድ ማን ነው? ሰው ትመታለች የሚለው ግን ከየት የመጣ ነው? ማንን መታሁ? አንዴ ዘበኛውን በጃንጥላ ነካ አድርጌዋለሁ፤ እሱም መኪናዬ ላይ ተደግፎ ሲያንኮራፋ አግኝቼው ነው።

ከሁሉ ያንገበገበኝ የሲስተር ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ»፣ ከኋላ «አሮጊቷ»። ከኋላ «ትነሳ»። ለካ ምላሷ እምቢ የሚላት እኔ ስሰማ ብቻ ነው። «እናለማምዳቸው» ያለችውስ እነማንን ነው? መንደርተኞቹን መሆን አለበት። አዲሷን ሹፌር እንዲለምዱ።

ቅዳሜ ማታ

ለአባ መርፌ ነገርኩት። «ጥርሷ አልቋል» ያሉት ላይ ስደርስ መርፌውን በከንፈሩ እንደያዘ ሳቀ፤ ሊውጠው ነበር። ቢውጠው ጥሩ ነበር።

«ሂጂና ጠይቂያቸዋ» አለኝ። «እኔን ነው ወይ የምታነሱት ማለት ምን ይከብዳል?»

«እኔ? ልለማመጥ?»

«መጠየቅ መለማመጥ ነው እንዴ? ግን መጠየቁን የት ታውቂና። አንሱልኝ የሚባል ቃል ከአፍሽ ወጥቶ አያውቅም። የተጋባን ሰሞን የስፌት መኪናዬን ብቻሽን ተሸክመሽ ያስገባሽ ሴት ነሽ፣ እኔ በር ይዤ ቆሜ። ጎረቤት እስከ ዛሬ ይስቅብኛል።»

«በሩን ግን ጥሩ አድርገህ ይዘኸዋል» አልኩት።

ሳቅን። እሱ ወደ ስፌቱ ተመለሰ፤ እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ ከዚህ መኪና ብነሳ የሚቀረኝን አስባለሁ። የከተማው መኪና ነው የሚቀረኝ። ደብዳቤ ማድረስ፣ አለቃ ስብሰባ ማድረስ፣ ጥላ ሥር ቆሞ መጠበቅ። ከወንዝ ማዶ ያሉ እናቶች የእኔን ሞተር ድምፅ ይለያሉ። የሌላ መኪና ሲሰሙ ከቤት አይወጡም፤ የእኔ ሲሆን ጉብታውን ሳልወጣ ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈው አገኛቸዋለሁ። የቱ ጭቃ ጠንካራ መስሎ እንደሚያታልል፣ የቱ ደግሞ ክፉ መስሎ እንደሚያሳልፍ እኔ ነኝ የማውቀው። መነሳት አልፈልግም። ይኸው ጻፍኩት።

አሮጌ ነገር አይሠራም ብለው ከሆነ አሳያቸዋለሁ። ከረጅሙ እጀምራለሁ።

እሁድ

ረጅሙን ግቢ አውጥቼ አጠብኩት፣ አደረቅኩት፣ ግራሶም አለበስኩት። ይሄ ጠብ ጠብ የሚሉት ነገር አይገባኝም፤ ከወደዱ አይቀር እስኪጠግብ ነው። አንድም ቀዳዳ አልቀረ። ሙሽራ መስሏል። በግራ እጄ ነው የቀባሁት፤ ቀኙ ስላመመ— ቀኙ ሥራ በዝቶበት ስለሰነበተ።

ማክሰኞ፣ ቸኩዬ

ሲስተር ስልክ ስታወራ፦ «አዎ፣ አየኋት። ቀይ ናት፣ አጠር ያለች። ግን ጠንካራ ናት፤ ቁመቷን አይታችሁ እንዳትንቋት።»

ቀይ! አጭር! እኔ ጥቁር ነኝ፣ ረጅም ነኝ። ጭቃ ውስጥ ከገባን ሁላችንም አንድ መልክ ነን። ደግሞ አጭር ከሆነች ፍሬኑን በምኗ ልትረግጥ ነው? ሞተሩ ተነስቷል፣ ልሂድ።

ረቡዕ

ዛሬ አንዲት ቀይ፣ አጭር ሴትዮ ግቢያችን ገባች። ቀረብ ብዬ «ጭቃ ትወጃለሽ?» አልኳት።

«ምን?»

«ጭቃ። ጎማ ሲሰምጥ መሪውን ወዴት ነው የምታዞሪው?»

ሴትዮዋ ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ይዛ ወደ ዘበኛው ሸሸች። የማተሚያ ቀለም የምታቀርብልን ነጋዴ ናት አሉ። ለካ ዓለም በቀይ አጫጭር ሴቶች ተሞልቷል፤ እስከ ዛሬ ልብ ብዬ አላውቅም።

ሐሙስ ማታ

መንገድ ላይ ሲስተር የጨዋታ አስመስላ «እትዬ፣ ለመሆኑ ስንት ዓይነት ክሪክ አለ?» አለችኝ።

እኔን ክሪክ ጠይቆ ማን በአጭሩ ይገላገላል። ረጅሙ አለ አልኳት፤ ከፍ ያደርጋል፣ ፓራውልት ላይም ቸርኬ ላይም ይይዛል፣ ግን ጉልበት ይጠይቃል፣ እጀታውም አመለኛ ነው። አጭሩ የዘይት ክሪክ አለ፤ በሁለት ጣት የምትገፊው ይመስል ቶን ያነሳል፣ ግን ከፍታው ትንሽ ስለሆነ ቆፍረሽ ሁለቱን ጎማ በሚያያይዘው አክስ ሥር ማስገባት አለብሽ፣ ሥሩም ሰፊ ጣውላ ካላነጠፍሽለት ራሱ ይሰምጣል። ደግሞ ተኝቶ ከተጓዘ ዘይቱ ይፈስና ነፋስ ይገባበታል፤ ሁልጊዜ ቆሞ ነው የሚጓዘው። በጭስ ማውጫ የሚነፋ ከረጢትም አለ፤ ለአሸዋ ደግ ነው፣ እሾህ ካገኘው ግን ፊኛ ነው። የትኛውም ቢሆን ጎማው እንዳይንሸራተት ታኮ ሳታደርጊ አትጀምሪ፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥርም ነፍስሽን ከጠላሽ ነው የምትገቢው።

«ትከሻው ያመመው ሰው ቢሆንስ፣ የትኛው ይሻለዋል?» አለችኝ።

«አጭሩ» አልኳት። «የሰነፍ ክሪክ እሱ ነው።»

ራሷን ነቀነቀች። ገብቶኛል፤ ለቀይዋ ነው የምትጠይቅላት። ትምህርቱን ከእኔው ወስዳ ለእሷ ልትሰጥ! እኔ ደግሞ እንደ ሞኝ ዘረገፍኩላት። ሳላውቅ ወንበሬን በእጄ አስረከብኩ።

ሰኞ

ሲስተር አንድ ካርቶን ይዛ መጥታ እግሮቿ መሃል አቆመችው። መንገዱን ሁሉ በጉልበቷ ጨብጣው ሄደች።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ለትከሻ የሚሆን ነገር ነው» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች።

እንዳይወድቅ ላጋድመው ብል «አይሆንም! ቆሞ ነው መሄድ ያለበት» ብላ እጄን ያዘችኝ። ምን ዓይነት መድኃኒት እንደሆነ አላውቅም፤ ከእኔ የበለጠ ክብር አለው። ለማያውቁት ሰው ትከሻ እንዲህ የምትጨነቅ ልጅ እኔ ላይ እንዴት ጨከነች?

ከሰዓት አለቃው ኮሪደር ላይ አገኘኝ። «እትዬ፣ ትከሻዎ እንዴት ሆነ?» አለኝ። ማን ነገረው?

«ይኸው!» ብዬ ቀኝ እጄን ወደ ኮርኒሱ ወነጨፍኩለት። ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብቼ የቧንቧውን ውሃ ለቅቄ ትንሽ ቆየሁ። እጄን ስታጠብ ነው።

ቅዳሜ

አባ መርፌ ሳያስፈቅደኝ የሥራ ሸሚዜን አበላሸው። በአንገቴ የማጠልቀውን ከፊት ቀድዶ ቁልፍ ተክሎበታል፣ የቀኙን እጅጌ ደግሞ አስፍቶታል። «ማን ጠየቀህ?» ብለው «ፋሽን ነው» አለኝ፣ ቀና ሳይል። ለመልበስ ይመቻል። አልነገርኩትም።

እኔም ዝም አላልኩም። የጨርቅ መቁረጫ ጣውላውን ከዳር በመጋዝ ቆረጥኩና ለረጅሙ እግር ማንጠፊያ መኪናዋ ላይ ጫንኩት። «ማን ጠየቀሽ?» ሲለኝ «ፋሽን ነው» አልኩት። መጋዙን መጨረሻ ላይ ከእጄ የወሰደው እሱ ነው፤ አዝግመሽ ልታመሺ ነው ብሎ። እኔ ለጥንቃቄ ነበር ያዘገምኩት።

ረቡዕ ማታ

ሻይ ጠጥቼ፣ እግሬን አሙቄ፣ ልቤ ከተመለሰልኝ በኋላ ነው የምጽፈው።

ሌሊቱን ሲዘንብ አደረ። ጠዋት ወንዙን ተሻገርን፤ ጉብታው ሥር ያለው ረግረግ ላይ ግን የኋላው ቀኝ ጎማ ተዋጠ። መንገዱ ላይ ጥፋት የለብኝም፤ ሌላ መንገድ የለም። ሲስተር የበረዶውን ሳጥን ክዳን ገለጥ አድርጋ አየችና «ብዙ አይቆይም፣ እትዬ» አለች። በረዶው ካለቀ ክትባቱ ውሃ ነው። ከጉብታው ማዶ እናቶቹ ሞተሬን ሰምተው ወጥተዋል፤ አሁን ደግሞ ሞተሩ ዝም ማለቱን እየሰሙ ነው።

የእጅ ፍሬን ያዝኩ። የፊት ጎማዎቹን በታኮ አገድኩ። የአባ መርፌን ጣውላ አነጠፍኩ። ረጅሙን አቆምኩት፣ ፓራውልቱ ሥር አስገባሁት፣ ጀመርኩ። መጀመሪያ ጥሩ ሄደልኝ። «ታያላችሁ!» አልኩ፤ ለማን እንዳልኩ እንጃ። ከዚያ ጥርሱ ወደ ቀዳዳው አልገባም አለ። አጎንብሼ ባየው ግራሶው የረግረጉን አሸዋ ሁሉ ጠርቶ እንደ ሊጥ አቡክቶታል። ያ ሁሉ ግራሶ! እኔው ነኝ ያጎረስኩት። በጣቴ ጠረግኩ፣ መታ መታ አደረግኩት፣ እጀታውን በቀኜ ተጫንኩ። ቀኝ እጄ ግን የለም። አለ፣ ከትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ግን የለም።

ጥርሱ አመለጠ። መኪናዋ ዱብ አለች፣ እጀታው ሽቅብ ተወነጨፈ። ሲስተር ከኋላ በሸሚዜ ጎትታ ባትጥለኝ ኖሮ ይሄን የሚጽፈው ሌላ ሰው ነበር። የእጀታው ነፋስ ጆሮዬ አጠገብ አለፈ።

«በቃዎት!» ብላ ጮኸችብኝ። እሷ ጮሃብኝ አታውቅም።

ጭቃው ውስጥ ቁጭ እንዳልኩ የተጠራቀመው ሁሉ ወጣ። «ደስ ይበልሽ!» አልኳት። «አሮጊቷ ትነሳ ብለሽ የለ? ይኸው፣ ጥርሷም አለቀ፣ ወገቧም ጠመመ! ጥሪያት ያቺን ቀይዋን!»

ሲስተር አፏን ከፍታ ቀረች፤ ዝናቡ እየገባበት። «ማንን? እርስዎን?» አለች። ከዚያ ሳቅ ይሁን ለቅሶ ያልለየለት ነገር ያዛት። «እትዬ! አሮጊቷ ያልናት እኮ ክሪኳን ነው!»

«እሱ እኮ ወንድ ነው!» አልኳት።

«ለእርስዎ ነዋ! ለእኛ ሴት ናት! እርስዎ ፊት ስሟን ብናነሳ ስለሚቆጡ ነው የተደበቅነው። መካኒኩ አሮጊቷ ሲል ሰምቼ እኔም አሮጊቷ አልኩ። እርስዎን ነው የመሰልዎት? እኔ እርስዎን ትነሳ ልል?» አሁን በደንብ አለቀሰች። «እኔ እኮ ብሰድብዎት እንኳ በአንቱታ ነው የምሰድብዎት! ቢመጣ ቢመጣ ይነሱ ነው የምለው!»

ባትሪዋ፣ መዶሻዋ፣ ቡሎኗ። እያወቅኩ! «እናለማምዳቸው» የተባልኩትም ለካ እኔው ነኝ። መንደርተኛው አይደለም፤ በአንቱታ የተወራልኝ እኔ ነኝ፣ ገልብጬ ሰማሁት።

ሲስተር ሮጣ ያንን ለትከሻ ነው ያለችውን ካርቶን ከመኪናዋ አመጣችና ቀደደችው። ቀይ የዘይት ክሪክ። አጠር ያለች፣ ድብልብል፣ ከእግሯ እስከ አናቷ አንድ ስንዝር ተኩል ብትሆን ነው። «ቀይዋ ይቺ ናት» አለችኝ። «ቆማ ነው የመጣችው። እርስዎ እንዳሉት።»

አፍንጫዬን በእጅጌዬ ጠረግኩ። «አካፋውን አምጪ፣ ከዚህ ጋ ቆፍሪ፣ ከአክሱ ሥር። ጠለቅ አድርጊው» አልኳት። ቆፈረች። ጣውላውን አነጠፍን፣ ቀይዋን አስቀመጥናት። በግራ እጄ፣ ቁጭ ብዬ፣ ሽንኩርት የምከትፍ ይመስል ዘንጓን ገፋ ገፋ አደረግኩ። መኪናዋ ያለ ጭቅጭቅ ተነሳች። ድንጋዩንና ቅጠሉን ሞልተን ወጣን። ጉብታውን ስንወጣ እናቶቹ ተሰልፈው ነበር፤ የተንቀሳቀሰ ሰው የለም። ሲስተር ሳጥኑን ስትከፍት ከበረዶው ጥቂት ቁራጮች ነበሩ። በቂ ነበሩ።

ስንመለስ ሲስተር ወደ መስኮቱ ዞራ ተናገረች። አቶ በሚቀጥለው የትከሻዬን ነገር ሰምቶ ወደ ከተማው መኪና ሊያዛውረኝ ነበር። «እሳቸውን አትንኩ፣ ሰው የምትመታው አሮጊቷ ናት፣ እሷ ትነሳ ያልኩት እኔ ነኝ» አለችኝ። «ግን እትዬ፣ ትከሻዎን ካላሳዩኝ ሌላ ጊዜ የምከራከርበት የለኝም። አሁን ጥፋቱን የምንጥልባት ክሪክ አለቀች።»

አመመኝ አልኳት። ከመጀመሪያው ሰኞ ጀምሮ በጣም አሞኛል አልኳት። መሪውን በግራዬ ይዤ ነው ያልኳት።

ለአባ መርፌ ሁሉንም ስነግረው ሳቅ ገደለው። «እሱ እኮ ወንድ ነው» ያልኩት ላይ ስደርስ ወንበሩን ይዞ ነው የተረፈው። የመታኝ የመኪናዋ በር እንዳልነበረ ግን ሸሚዙን የቀደደ ዕለት ያውቅ ነበር።

አርብ

ትናንት ሲስተር ሐኪም ዘንድ ወሰደችኝ። ጅማት ነው፣ ተጎድቷል፣ ያገግማል፤ ግን እጄ ታስሮ ይረፍ አሉ፤ ከዚያ በኋላም ከባድ ነገር የለም። አለቃው ዘንድ ገባሁ፤ እንደ ተማሪ ቆሜ ነገርኩት። ወረቀቱን አየና «እንግዲህ ያርፉ። መኪናው የእርስዎ ነው፤ ሲሻልዎት በሚቀጥለው ሳምንት ይሁን በሚቀጥለው ወር ይመለሳሉ» አለኝ። ይሄን ቃል ስወደው የመጀመሪያዬ ነው።

ቀይዋን ሳልሄድ ለሲስተርና ለመካኒኩ አስረከብኳቸው። አጥቤ፣ ዘንጓን ዝቅ አድርጌ፣ ከጭቃ እንዳትገናኝ በአባ መርፌ ቁራጭ ጨርቅ ጠቅልዬ፣ አቁሜ። ግራሶ አልቀባኋትም። መካኒኩ ጨርቁን ገልጦ ግራሶ እንዳለባት በጣቱ ፈተሻት፤ መፈተሹ ራሱ ስድብ ነበር።

ከዚያ ረጅሙን ሊያወርድ መፍቻውን ይዞ መጣ። «ተው፣ እሱን እኔው እፈታዋለሁ» አልኩት። ስንት ክረምት የፈታሁትን ማን ይፈታዋል? መኪናዋ ጀርባ ተንበርክኬ በግራ እጄ ቡሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታሁ። ጊዜ ወሰደብኝ፤ ሁለቱም ቆመው ጠበቁኝ። የመጨረሻው ሲወልቅ ክሪኩ ከነግራሶው፣ ከነአሸዋው ተንሸራቶ ጭኔ ላይ ተኛ። እውነት ነው፣ ወገቡ ጠሟል። ጥርሱም አልቋል። ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አየሁት። እንባዬ መጣ፤ ለብረት ማልቀስ ያሳፍራል፣ ግን መጣ።

ልነሳ ብል ቀኜ ታስሯል፣ ግራዬ ክሪኩን ይዟል፣ ጉልበቴም አይሆንም አለኝ። ሞከርኩ። እንደገና ሞከርኩ። ሲስተርና መካኒኩ እንዳላዩ ሆነው ሌላ ሌላ ቦታ ያያሉ፤ ያውቁኛላ።

«አንሱልኝ» አልኩ።

መካኒኩ መፍቻውን እንደያዘ ዞሮ አየኝ። «የትኛዋን አሮጊት?» አለኝ።

«ሁለታችንንም።»

እሱ ክሪኩን ከጭኔ ላይ ወሰደ፣ ሳይወረውረው፣ በሁለት እጁ። ሲስተር በግራ ብብቴ ሥር እጇን አስገብታ ያዘችኝ።

«ይነሱ፣ እትዬ» አለችኝ።

ተነሳሁ።